ብርዝ በብርሌ
በጉልምስና ዕድሜ የአልኮል መጠጥን ስለ መቀነስ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ባለሙያዎች ጉባኤ ሲሰበሰብ ስለ ኦዲት ሥርዓት፣ ስለ ግብር ሕግና ስለ መዝገብ አያያዝ መነጋገሩ የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ከመዝገቡ ወደ መዝጋቢው፣ ከሒሳቡም ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ይዞራል። ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሒሳብ ባለሙያ ምን እንደሚያሳልፍ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሌሊቱ ቀን ሆኖ፣ ምሳው ተረስቶ፣ የባንክ ሒሳብ ሲታረቅና ሰነድ ሲመረመር ይከረማል። ሥራው ሲያልቅም «እስቲ ጉሮሯችንን እናርጥብ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ጥሪ ክፋት የለበትም፤ የወዳጅነት ቃል ነው። ይሁን እንጂ በ25 ዓመት ዕድሜ የተጀመረው ጉሮሮ ማርጠብ በ45ና በ50 ዓመት ዕድሜም በዚያው መጠን ሲቀጥል፣ ውጤቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይገኝም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የ48 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አንድ ኦዲተር በዓይነ ኅሊና ይቅረቡ። እኚህ ሰው ሰካራም የሚባሉ አይደሉም። ሥራቸውን አያጓድሉም፤ ከሰው አይጣሉም፤ ቤታቸውንም አይበድሉም። ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሦስት ጠርሙስ ቢራ ይጠጣሉ፤ እሑድ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ደግሞ ጠላም ጠጅም ይቀርብላቸዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እየነቁ ጣሪያ ማየት ጀምረዋል። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ሰፍቷል። ሐኪም የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ነግሮ መጠጥ እንዲቀንሱ መክሯቸዋል።

ምክሩን በበጎ ተቀበሉት። ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ ቤታቸው መግባት ጀመሩ። አንድ ሳምንት ሆነ፤ ሁለት ሳምንትም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ጠበባቸው። ባልደረቦቻቸው የሚጨዋወቱት ወሬ፣ የሚሳሳቁበት ነገር፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚሰሙት አዲስ ዜና ሁሉ ያለ እሳቸው እያለፈ መሰላቸው። በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ፤ ከጠረጴዛውም ጋር ሦስቱ ጠርሙሶች ተመለሱ።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፣ እኚህን ሰው የናፈቃቸው ምን ነበር የሚለው ነው። አልኮሉ ነውን? ወይስ ወንበሩ? የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ከዚሁ ጥያቄ ይመነጫል። የመጠጥ ሱስ ያልያዘው ሰው በጉልምስና ዕድሜው መጠጥ ለመቀነስ ተነሥቶ ሲሸነፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ከአልኮሉ ጋር ዋንጫውን፣ ከዋንጫውም ጋር ወጉን አብሮ ስለሚያጣ ነው። ስለሆነም መፍትሔው ዋንጫውን ከእጅ መንጠቅ ሳይሆን፣ በዋንጫው ውስጥ ያለውን መለወጥ ነው። ለዚህም የኢትዮጵያ ጓዳ ባዶ አይደለም።

ወደ ጓዳው ከመገባቱ በፊት የሰውነትን ሒሳብ መመርመር ያስፈልጋል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከመቶ አምስት እጅ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ጠጅ እንደ አጣጣሉ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ7 እስከ 11 እጅ አልኮል ስለሚኖረው፣ ሩብ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርሌ ከ20 ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። አረቄ ደግሞ ከመቶ 40 እጅ ገደማ ስለሚሆን፣ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ መለኪያ እንኳ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የበለጠ አልኮል ትይዛለች። የመጠጫው ማነስ የመጠጡን ማነስ አያመለክትም።

አልኮልን ከሰውነት የማስወገዱ ሥራ በአብዛኛው የጉበት ነው። ጉበት አልኮልን በመጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነ ነገር ይለውጠዋል። ይህን የሚያከናውነው በራሱ ፍጥነት ሲሆን፣ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ቡና ቢጠጡበት፣ ገላ ቢታጠቡበት፣ ቢሮጡበትም አይቸኩልም። በዚህ ስሌት የኦዲተሩ ሦስት ጠርሙስ ቢራ 39 ግራም ስለሆነ፣ ለመወገድ ከ4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አልኮል መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ያመጣል፤ ከደም እየወጣ ሲሄድ ግን እንቅልፍን ይቆራርጣል። በመሆኑም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያ የሚያሳያቸው የሥራ ሐሳብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ በ25 ዓመት ዕድሜ ይህ ሁሉ ለምን አልታየም? ዕድሜ ሲገፋ በሰውነት ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ይቀንሳል። የወጣት ወንድ ሰውነት ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ በእርጅና ወደ 50 እጅ ይጠጋል፤ የሴት ሰውነት ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ከዚህ ያነሰ ውኃ አለው። አልኮል የሚሠራጨው በውኃው ውስጥ ስለሆነ፣ ያው አንድ ብርሌ በጐልማሳ ደም ውስጥ ጠንክሮ ይገኛል። በዚህም ላይ የጉልምስና ዕድሜ የመድኃኒት ዕድሜ ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር በሽታ ክኒን የሚወስድ ሰው አልኮል ሲጨምርበት የደሙ ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ለራስ ምታት ብሎ ፓራሲታሞልን ከመጠን በላይ ሲወስድ ጉበቱን ለከፍተኛ አደጋ ያጋልጣል። ሦስቱ ጠርሙስ ቢራ ከአልኮሉ ብቻ 270 ካሎሪ ያህል እንደሚሰጥ ሲታወስ ደግሞ፣ የቀበቶው ነገር ምሥጢርነቱ ያበቃል።

ብዙ ሰዎች «ትንሽ መጠጥ ለልብ ይጠቅማል» ሲባል ሰምተዋል። ለዚህ አባባል መነሻ የሆኑት ብዙዎቹ ጥናቶች ጥቂት የሚጠጡ ሰዎችን ከማይጠጡ ሰዎች ጋር ያነጻጸሩ ነበሩ። ነገር ግን «የማይጠጡ» ተብለው ከተመደቡት መካከል፣ ቀድሞ ሲጠጡ ኖረው ሲታመሙ የተዉ ሰዎች ይገኙበት ነበር። በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ሲነገር፣ ይህ የአመዳደብ ስሕተት ነው፤ የአንዱ ሒሳብ ዕዳ በሌላው ሒሳብ ተመዝግቧል። ምድቡ ሲስተካከል የተባለው ጥቅም እጅግ አነሰ። በሌላ በኩል የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 የአልኮል መጠጥን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ፣ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ይህ ማለት አንድ ብርሌ የጠጣ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። መጠኑ ባነሰ ቁጥር አደጋው ያንሳል ማለት ነው፤ ስለዚህም ጨርሶ መተው ያልቻለ ሰው የሚቀንሳት እያንዳንዷ ብርሌ ዋጋ አላት።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ጠጪ ሰው ከመጠጡ የሚፈልገው ስካርን ብቻ አይደለም። የቢራና የጌሾ መራራነት፣ የአረቄ ማቃጠል፣ የአረፋው መንጫጫት፣ የጠርሙሱ ቅዝቃዜ፣ እጅ የሚይዘው ነገር ማግኘቱ፣ እነዚህ ሁሉ የደስታው ክፍሎች ናቸው። ሰው አልኮል ሲተው ጣፋጭ ለስላሳ ብቻ ሲቀርብለት ቅር የሚለውም ስለዚህ ነው፤ ለጐልማሳ ምላስ የልጅ መጠጥ ቀርቦለታልና። እንግዲህ የሚተካው መጠጥ መምረር የሚገባው መራራ፣ ማቃጠል የሚገባው የሚያቃጥል፣ መንጫጫት የሚገባውም የሚንጫጫ ሊሆን ይገባል።

ከሁሉ በፊት የሚጠራው ብርዝ ነው። ስሙ «በረዘ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ማርን በውኃ ማቅጠን ማለት ነው። አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ለብ ያለ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሰፈፉና ገለባው በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያም ይቀዘቅዛል። ጌሾ የለውም፤ አይጣልም፤ ስለዚህም በዕለቱ ሲጠጣ አያሰክርም። መልኩ የጠጅ መልክ ነው፤ የሚቀርበውም በብርሌ ነው። ብርዝ የያዘ ሰው ጠጅ ከያዘ ሰው መካከል ተቀምጦ ሲጫወት፣ የትኛው ምን እንደያዘ ከሩቅ የሚለይ የለም። ጣፋጭነቱ ለበዛበት ሰው ሎሚ ቢጨመቅበት፣ የሚያቃጥል ነገር ለሚወድም ተወቅጦ የተጨመቀ ዝንጅብል ቢጨመርበት ያማረ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀሪቦ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፤ ይፈላል፤ ይጠለላል፤ ስኳር ተጨምሮበት ጥቂት ያድራል። የተቆላው ገብስ ጥቁር ቢራን የሚያስታውስ መልክና ጥቂት ምሬት ይሰጠዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት አካባቢ፣ ሠርግ ወይም ድግስ ሲኖር ለማይጠጣው ጎረቤት ብርዝ ወይም ቀሪቦ ለብቻ ማዘጋጀት የቆየ ወግ ነው። የጾሙ ወራት ጓዳም የራሱ ሀብት አለው። ተልባው፣ ሱፉና አብሹ ተበጥብጦ ሲቀርብ ጥምንም ጥቂት ረኃብንም ያስታግሳል። በሶም በውኃና በጥቂት ማር ተበጥብጦ ሲጠጣ፣ ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው ምግብም መጠጥም ይሆናል።

መራራ ለሚፈልግ ሰው ቡና አለ። በአቦል፣ በቶናና በበረካ የሚቆየው የቡና ሥርዓት፣ ሰዎች ምንም ሳይሰክሩ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው መጫወት እንደሚችሉ ለሚጠራጠር ሁሉ በቂ ማስረጃ ነው። የሚንጫጫ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ በተፈጥሮው ጋዝ ያለው የአምቦ ውኃ ግማሽ ሎሚ ተጨምቆበት በረጅም ብርጭቆ ሲቀርብ፣ ከማንኛውም የተከበረ መጠጥ ጋር አብሮ መቀመጥ ይችላል። ለምሽት ሲሆን በጦስኝ፣ ወይም በቀረፋና በቅርንፉድ የፈላ ሻይ አለ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ማስጠንቀቂያው መዘንጋት የለበትም። አንደኛ፣ አንዱን ጉዳት በሌላ መለወጥ ቁጠባ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመረው ስኳር ሰውነት በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከመቶ ከ10 እጅ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ይህም ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን 50 ግራም ገደማ ነው። ማርም ከዚሁ ይቆጠራል። አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ስለሚይዝ፣ ሦስት ቢራን በሦስት ለስላሳ የተካ ሰው ከወሰኑ እጅግ አልፏል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ብርዝንም ሆነ ቀሪቦን እንደ ውኃ መጠጣት አይገባውም፤ ለእርሱ አምቦውና ያልጣፈጠው ሻይ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ ብርዝም ቀሪቦም ሲቆዩ አልኮል ማበጀታቸው አይቀርም። በማሩ፣ በዕቃውና በአየሩ ውስጥ ያለው እርሾ ሥራውን ስለሚጀምር፣ በተሠሩበት ዕለት መጠጣት ወይም በማቀዝቀዣ ማኖር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ በጠርሙስ የሚሸጡት አልኮል አልባ የብቅል መጠጦችና ቢራዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። አንዳንዶቹ ብዙ ስኳር አላቸው፤ በብዙ አገሮችም እስከ ግማሽ በመቶ የሚደርስ አልኮል ያለው መጠጥ «አልኮል አልባ» ተብሎ እንዲሸጥ ይፈቀዳል። ሰነድ ሳያነብ የማይፈርም ባለሙያ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነብ ሊጠጣ አይገባውም። አራተኛ፣ የቡናው ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ይቆያልና፣ ሌሊት የሚነቃ ሰው በምሽት ቡና ሊመካ አይችልም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ካልጠጣ የሚያልበውና የሚረበሽ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱን የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል ሕመም፣ ቅዠትና የአእምሮ መዛባት ሊደርስበት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ለእርሱ ብርዝ መድኃኒቱ አይደለም። በመጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ይህን ማወቅ ለባልደረቦቹም ግዴታ ነው፤ «ቆራጥ ሁን» ብሎ ብቻውን ከመተው አብሮት ሐኪም ቤት መሄድ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ችግር የሌለበት ሰው እንዴት ይጀምር? ለሒሳብ ባለሙያ መንገዱ እንግዳ አይሆንም። ያልተመዘገበ ወጪ አይቀነስም። ለአራት ሳምንት በየቀኑ የጠጣውን በትንሽ ደብተር ይጻፍ፤ ስንት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ላይ። ደብተሩ ሲነበብ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ በጥም፣ ሁለተኛው በጨዋታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሳያዝዘው የመጣ መሆኑ ነው። የጥሙን ውኃ ይወጣዋል። የጨዋታውን አምቦ በሎሚ ይወጣዋል። ሦስተኛውም ባለቤት ስለሌለው ያለ ብዙ ትግል ይሰረዛል። በሳምንት ውስጥ ምንም የማይጠጣባቸውን ቀናት አስቀድሞ መወሰን፣ ከጠረጴዛው ሲቀመጡም ቀድሞ ማዘዝ ይረዳል፤ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ራሱ የሰጠ ሰው ሌላው እንዲያዝለት አይጠብቅምና። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።

ነገር ግን ጉዳዩን ሁሉ በጠጪው ፈቃድ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። በኢትዮጵያ ማስተናገድ ማለት መለመን ነው። «አፈር ስሆን»፣ «በሞቴ»፣ «አንዲት ብቻ» ይባላል። ይህ ልመና የፍቅር ልመና ቢሆንም፣ ሐኪም የከለከለውን ሰው ግን ከሐኪሙና ከወዳጁ መካከል ያቆመዋል፤ ብዙ ሰውም ወዳጁን ላለማስቀየም ሲል ሐኪሙን ያስቀይማል። መፍትሔው ልመናውን መተው አይደለም፤ የሚለመንበትን መጠጥ መለወጥ ነው። «በሞቴ አንድ ብርሌ ብርዝ ይድገሙ» ማለት ፍቅሩንም ይገልጻል፤ እንግዳውንም አይጎዳም።

መንግሥት በበኩሉ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ለመጠጥ ሽያጭ የሚፈቀደውንም ዕድሜ ወደ 21 ዓመት ከፍ አድርጓል። አዋጅ ወጣቱን ሊጠብቅ ይችላል። የ48 ዓመቱን ሰው የሚጠብቀው ግን የባልደረቦቹ ጠረጴዛ ነው።

ስለ ጠረጴዛ ከተነሣም የማኅበሩ ጠረጴዛ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በየዓመቱ የእራት ግብዣ ላይ ቢራው በዓይነት፣ ወይኑ በየጠረጴዛው፣ ውስኪውም በክብር ስፍራ ይቀመጣል። ለማይጠጣው አባል የሚቀርበው ግን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲሆን፣ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳይቀዘቅዝና ዘግይቶ ይመጣል። ሙስሊም ባልደረቦች፣ ነፍሰ ጡር ባልደረቦች፣ የሚነዱ፣ የሚጾሙ፣ መድኃኒት ላይ ያሉ፣ መጠጥን ታግለው የተዉ አባላት ሁሉ ለብዙ ዓመታት በዚህ አንድ ጠርሙስ ሲስተናገዱ ኖረዋል። ቅሬታ ያላሰሙት ጨዋ ስለሆኑ ነው። ብርዙ በብርሌ፣ አምቦው በሎሚ፣ ቀሪቦው በማሰሮ፣ ከጠጁ ጋር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ትሪ፣ በአንድ አስተናጋጅ እጅ ቢቀርብ፣ ወጪው የሚጨምር አይሆንም። የሚጨምረው ክብር ነው። መጪው ዓመታዊ እራት በዚህ ሥርዓት እንዲዘጋጅ ለጉባኤው ሐሳብ ይቀርባል።

ወደ ኦዲተሩ እንመለስ። ሰውየው ወደ ጠረጴዛው መመለሳቸው ስሕተት አልነበረም። የሠላሳ ዓመት ወዳጆች ያሉት እዚያ ነውና መመለስ ይገባቸው ነበር። የጎደለው፣ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ሌላ ዋንጫ ነው። አንድ ባልደረባ አስቀድሞ «ለእሳቸው አምቦ በሎሚ» ብሎ ቢያዝ፣ ምክንያቱን ማንም ባይጠይቅ፣ ወሬውም እንደ ቀድሞው ቢቀጥል፣ እኚህ ሰው ወንበራቸውንም ጤናቸውንም ይዘው ጡረታ ይወጣሉ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደ እሳቸው ያሉ ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ አስቀድሞ የሚያዝላቸው ባልደረባም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።